ማየትና መሻገር

ቤተሰብ ተሰብስቦ ወደ ወንዝ መውረድ፣ ወደ ተራራ መውጣት በአባይ ራስጌ የቆየ ልማድ ነው። ሽርሽር የሚለው ስም ግን ልማዱን ሁሉ አይሸፍነውም። እናት ከልጆቿ ጋር ልብስ ልታጥብ ወንዝ ትወርዳለች፤ ምዕመን ታቦት አጅቦ ከነልጁ ውሃ ዳር ያድራል፤ የከተማ ቤተሰብ ፏፏቴ ለማየት መኪና ተከራይቶ ይሄዳል። ሦስቱም ቤተሰብ ከጣሪያ ውጭ የሚኖረው ኑሮ ናቸው። ሁለቱ ግን ወንዙ ዘንድ የሚሄዱት ጉዳይ ኖሯቸው ነው፤ ሦስተኛው የሚሄደው ሊያይ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ወላጅና ልጅ ወደ ቤት ሲመለሱ ይዘውት የሚገቡትን ነገር የሚወስነው ይኸው ልዩነት ነው።

አገሩ እንዲህ ነው። ከጎጃም መካከል ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይነሳል፤ ከጎኑ የሚመነጩት ወንዞች በየአቅጣጫው ቢወርዱም መግቢያቸው አባይ ነው። ሰከላ ውስጥ የግሽ አባይ ምንጭ አለ። በትውፊት አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውሃ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ መልሰው ተቀብለዋል ይባላል። ስለዚህ ምንጩ ጠበል ነው፤ ሽማግሌው በምርኩዝ፣ ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ይደርሱበታል። ከዚያ የሚነሳው ግልገል አባይ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ይገባል። ጣና ራሱ የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፤ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ የውሃውን መውጫ ዘግቶ ያቆመው፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የተንጣለለ፣ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ባሕር ዳር ላይ አባይ ከሐይቁ ይወጣና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጢስ አባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ ከሚሆን ገደል ይወረወራል። ከሐይቁ በስተሰሜን ጎንደር፣ ከጎንደር ወዲያ ደግሞ የስሜን ተራሮች አሉ፤ የራስ ዳሽን ጫፍ 4,533 ሜትር ነው።

በዚህ አገር ወንዝ ዝምድና ይቆጠርበታል። በሰው አገር የተገናኘ ወገን «የወንዜ ልጅ» ይባላል። ተራራ ብዙ በሆነበት ምድር «የተራራዬ ልጅ» የሚል አባባል አለመኖሩ ልብ ሊባል ይገባዋል። ተራራ ከሩቅ ይታያል፤ ወንዝ ግን ይጠጣል፣ ይታጠቡበታል፣ ከብት ይነዱበታል፣ ይሻገሩታል። ሰው ዝምድናውን በሚያየው ሳይሆን በሚጠቀምበት ነገር ሰይሟል። ደካማ ምክንያትም «ወንዝ የማያሻግር» ይባላል። የነገር ጥንካሬ የሚለካው ሰውን ከነሸክሙ ማዶ በማድረስ ነው ማለት ነው።

ከዚህም የጠለቀው ምስክር የዘመን መለወጫው ሰላምታ ነው። ክረምቱ ሲጠና ወንዙ ይሞላል፤ ድልድይ በሌለበት አገር ማዶና ማዶ ያሉ ዘመዳሞች ሐምሌንና ነሐሴን ሳይተያዩ ይከርማሉ። ሠርግ ይቆያል፣ ገበያ ይቀራል፣ የሞት መርዶ እንኳ ከወንዝ ማዶ ሆኖ በጩኸት የሚነገርበት ጊዜ አለ። መስከረም ሲጠባ ውሃው ይጎድላል፣ ድንጋዩ ብቅ ይላል፣ አደይ አበባ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ሰው ለሰው «እንዴት ከረማችሁ?» ይላል፤ «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ» ይላል። ከረመ ከክረምት ጋር ያለው ቁርኝት፣ ተሻገረ ከወንዝ ጋር ያለው ቁርኝት ዛሬ በከተማ ሰው ጆሮ ደብዝዟል። በአስፋልት ላይ የሚኖር ሰው ዘመን ተሻገረ ሲባል ውሃ አይታየውም። ሰላምታው ግን ሙሉ ትርጉም የሚኖረው አንድ ወንዝ ከእነ ሙላቱ ታስቦ ነው፤ በወዲያኛው ዳር የሚጠብቅ አክስት ወይም አያት አለ።

እንግዲህ ቤተሰብ ወንዝ ዘንድ ሲሄድ ምን ይሠራ ነበር? ከሁሉ በፊት ያጥብ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ያጥባል። የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። ጋቢው፣ ነጠላው፣ ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይዘረጋና አረፋው ይፈስስበታል፤ ከዚያ የልጆች ተራ ነው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጋቢውን ይረግጡታል። የወፍራም ጋቢ እድፍ በእጅ ብቻ አይለቅም፤ የልጅ እግር ያስፈልገዋል። ሲያዳልጣቸው ይያያዛሉ፣ ሲወድቁ ይስቃሉ፣ እናት ትቆጣለች፣ እንደገና ይረግጣሉ። ከዚያ ሁለት ሰው ዳርና ዳር ይዞ ወዲህና ወዲያ እየጠመዘዘ ውሃውን ያወጣዋል። ይህን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው አይችልም፤ ጋቢው ራሱ ሁለት ሰው ይጠይቃል።

ከታጠበ በኋላ ልብሱ ቁጥቋጦ ላይ ይሰጣል፤ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ዕረፍቱ የሚመጣው ይህን ጊዜ ነው። ቆሎ ይበላል፣ ጸጉር ይሠራል፣ ትልልቆቹ ይዋኛሉ፣ እናት ቤት ውስጥ ጊዜ የማታገኝለትን ወሬ ታወራለች። ማንም «ዛሬ እንዝናና» ብሎ አልወጣም። ዕረፍቱ ከሥራው ሆድ ውስጥ የወጣ ነው፤ በሥራው ስለተገኘም ማንንም አያሳፍርም፣ ማንንም አያሰለችም። የዛሬ ወላጅ በዕረፍት ቀን ልጆቹን ይዞ ወጥቶ «ምን እናድርግ?» እያለ የሚጨነቀው፣ ዕረፍቱን ሥራ ከሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ ፈልጎ ለማግኘት ስለሚሞክር ይመስላል።

የወንዝ ዳር ሥራ ለዓለም የተረፈ ዕውቀትም ወልዷል። በ1964 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የዕድሜውን ከፊል የሚያሳልፈው በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ላይ ነው፤ ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ከዚያች ምልከታ የተነሳው ምርምር ዓመታት ፈጅቶ በ1989 እ.ኤ.አ. አክሊሉ ለማንና የሥራ ባልደረባቸውን ለገሠ ወልደ ዮሐንስን «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ ለሚጠራው ሽልማት አብቅቷቸዋል። እዚህ ላይ ማየትንም በፍትሕ መመዘን ተገቢ ነው። አክሊሉ ለማም ያደረጉት ማየት ነበር። ያዩት ግን ሥራን ነው፤ የሚታጠብ ልብስን፣ የሚፈስስ አረፋን፣ ታች የተከማቸ ቀንድ አውጣን አያይዘው አዩ። በዓይን ብቻ ለሚያልፍ ሰው ወንዙ ውብ ሆኖ ያልፋል፤ ነገሩን አያይዞ ለሚያይ ሰው ወንዙ ይናገራል። ቢልሃርዚያ ዛሬም በጣና ዳርና በአካባቢው ወንዞች አለ። ስለዚህ ልጆቹን ረግረግና ቀስ ያለ ውሃ ውስጥ እንዲዋኙ የሚለቅ ወላጅ ይህን ታሪክ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው መውጫ ሃይማኖታዊ ነው። ጥር 10 ቀን ከተራ ይባላል። ቃሉ ከተረ፣ ማለትም ውሃውን ገደበ ከሚለው የመጣ ነው፤ ለጥምቀቱ ውሃ እንዲጠራቀም ወንዙ የሚከተርበት ዕለት ነው። በዓሉ ስሙን ያገኘው ከአካፋና ከድንጋይ ሥራ ነው ማለት ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ጭቃ አቡክቶ፣ ድንጋይ ደርድሮ ከሚሠራው ሥራ። ጎንደር ላይ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ የሚመጣው ውሃ የአፄ ፋሲልን መዋኛ ይሞላዋል። ገጠር ግን መዋኛ የለም፤ ወንዙ ራሱ ይገደባል። ታቦታቱ በድንኳን ያድራሉ፣ ቤተሰብም ከስንቁ ጋር አብሮ ያድራል። ሌላ ጊዜ በመሸ ቁጥር «ግባ» የሚባል ልጅ በዓመት አንድ ሌሊት ደጅ እንዲያድር ይፈቀድለታል። የጥር ሌሊት ብርድ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ልጁ በአባቱ ጋቢ ውስጥ ገብቶ የካህናቱን ማኅሌት በእንቅልፍ ልቡ ይሰማል፤ ንጋት ላይ ውሃው ሲረጭበት ይነቃል። ጋቢው የታጠበበትና ልጁ የሚጠመቅበት ውሃ አንድ ወንዝ ነው።

ተራራውም የራሱ በዓል ነበረው። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን በየዓመቱ ዮም ኪፑር ከሚባለው የስርየት ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድን ያከብሩ ነበር። ከየመንደሩ ተሰባስበው፣ ነጭ ለብሰው፣ እየጾሙ ተራራ ይወጣሉ፤ አምቦበር ከታወቁት ስፍራዎች አንዱ ነው። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ፤ ከሚወጡት መካከል የትሕትና ምልክት ድንጋይ የሚሸከሙ ነበሩ። እላይ ይነበባል፣ ይጸለያል፣ ወደ ኢየሩሳሌም ፊት ይዞራል። ከሰዓት ወርደው ጾማቸውን በጋራ ይፈታሉ። ዛሬ ሕዝቡ እስራኤል ይኖራል። ስግድ በ2008 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ ቤተሰቦች በየዓመቱ አሮጌዋ ከተማ በሩቅ ከምትታይበት የኢየሩሳሌም ከፍታ ላይ ይገናኛሉ። አያቶች ጃንጥላ ተጠልለው ይጸልያሉ፤ እዚያ የተወለዱት የልጅ ልጆች በዕብራይስጥ ያወራሉ። በአንድ ነገር ግን ሁለቱ ትውልዶች ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ወደ ላይ ወጥተዋል። አያት የጎንደርን ዳገት ለልጅ ልጇ በቃል ልታሳየው አትችልም፤ አብራው ስትወጣ ግን ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማዋል፣ ክንዷን ይይዛል። ለአምቦበር ከሁሉ የሚቀርበው ነገር ያ ነው።

ሦስተኛው፣ የከተማው ሽርሽር፣ ምናልባት ከሁሉ የሚታወቀው በጢስ አባይ ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ ጢስ አባይ ከተማ የደረሰ ቤተሰብ መኪናውን ትቶ በእግሩ ይሄዳል። መንገዱ ቁልቁል ወርዶ አላታ ድልድይ ላይ ያደርሳል። ድልድዩ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ከሥሩ አባይ በጠባብ ገደል ተጨምቆ ያልፋል። ብዙ ሰው እዚህ ቆሞ ፎቶ ተነስቶ ያልፋል፤ ፏፏቴው ገና ከፊት ስለሆነ ይቸኩላል። ይህ ያሳዝናል። ምክንያቱም ፏፏቴውን ተፈጥሮ ሠራው፤ ድልድዩን ግን ማዶ ያለ ዘመዱ የናፈቀው፣ ገበያው የራቀው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የተቆረጠ ሰው ነው የፈለገው። ወላጅ ለልጁ ሊያሳየው የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ወደ አራት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ እግር የረገጠውን ድንጋይ ልጁ በእጁ ይንካው።

ከድልድዩ ወዲያ ዳገት ነው። በዚህ ዳገት ላይ የቤተሰብ ሥርዓት መልኩን ይለውጣል። ቤት ውስጥ ፍጥነቱን የሚወስነው አባት ወይም እናት ነው፤ «ቶሎ በሉ፣ ትምህርት ቤት ረፈደ» ይባላል። በእግር መንገድ ላይ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ የዘገየው ነው። የአራት ዓመቱ ሕፃን ጉንዳን ሊያይ ከቆመ ሁሉም ይቆማል። አያት ድንጋይ ላይ አረፍ ካሉ ሁሉም አረፍ ይላል። ወታደር ወደ ኋላ የቀረን ሊተው ይችላል፤ ቤተሰብ ግን አይተውም፤ ቤተሰብነቱ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

ዕውቀትም ቦታውን ይለውጣል። በከተማ ቤት አያት እንግዳ ናቸው። ስልኩን የሚከፍትላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፤ የቴሌቪዥኑን ጣቢያ የሚቀይርላቸው እሱ ነው። ገጠር ያደጉ ከሆነ ግን መንገዱ ላይ አገሩ የእርሳቸው ይሆናል። «ይሄ ቀጋ ነው፤ ፍሬው ሲቀላ ይበላል። ይቺ ሳማ ናት፤ እንዳትነካት። ያ ዛፍ ዶቅማ ነው፤ ውሃ ዳር ይወዳል» ይላሉ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ይጠይቃቸዋል፤ እርሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩሉ ይመልሱለታል። እንዲህ ያለ ሰዓት በሳሎን ውስጥ በትእዛዝ አይመጣም። ያ ዛፍ መኖር አለበት፤ ሳማዋም ማስፈራራት አለባት።

ከዚያ ፏፏቴው ይታያል። ክረምቱ በወጣበት ሰሞን የሄደ ሰው ስሙን ያገኘበትን ጢስ ያያል፤ ብናኙ ፊትን ያርሳል፣ ጠዋት ከሆነ ቀስተ ደመና ይዘረጋል። በበጋ የሄደ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቀጭን ውሃ ብቻ አግኝቶ ያዝናል። ምክንያቱ ይታወቃል። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፏፏቴው አጠገብ የኃይል ማመንጫ አለ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው ተጨመረ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ ውሃ እየወሰደ በዋሻ ወደ በለስ መልቀቅ ጀመረ። ፏፏቴው ላይ የሚወርደውን መጠን ዛሬ ሰማይ ብቻ አይወስነውም። «ውሃው የታለ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ እውነተኛውን መልስ ማግኘት አለበት፤ ከፊሉ እቤት ስትደርስ የምታበራው መብራት ውስጥ ነው ሊባል ይገባዋል። ይህ መልስ ሐዘኑን አያጠፋውም፤ ሐዘኑም መጥፋት የለበትም። ነገር ግን ልጁን ከተመልካችነት ያወጣዋል። ፏፏቴው እንዲቀጥን የራሱ ቤተሰብም ድርሻ እንዳለው ያወቀ ልጅ አባይን እንደ ሥዕል ሊያየው አይችልም።

ብዙ ቤተሰብ በመጣበት መንገድ አይመለስም፤ ከፏፏቴው በላይ ወንዙ ጋ ሄዶ በጀልባ ይሻገራል። መሻገሪያው አጭር ነው። ቢሆንም በመላው ቀን ውስጥ ልጆች ዝም የሚሉት እዚህ ላይ ነው። እናት ሳታስበው የልጇን ክንድ ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች፤ ወንድማማቾች የተጣሉበትን ነገር ይረሳሉ። ውሃው ከእንጨቱ ወዲያ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ማዶ ሲደርሱ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ መናገር ይጀምራል። ቆይቶ፣ ዓመታት አልፈው፣ ልጆቹ ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ የፏፏቴውን ከፍታ ይረሱ ይሆናል፤ ጀልባው ሲነቃነቅ የማን እጅ እንደያዛቸው ግን አይረሱም።

ከዚያ ስንቅ ይፈታል። ድሮ አገልግል ነበር፤ ዛሬ የፕላስቲክ ሳህን ተክቶታል፤ ሆኖም አገልግል የሚይዝ ቤተሰብ አልጠፋም። በቆዳ የተለበጠው ክዳን ሲነሳ የታመቀው የወጥ ሽታ ይወጣል። እንጀራው ወጡን ጠጥቶ ለስልሷል፤ እንቁላሉ በርበሬውን ይዟል። አገልግል አንድ ነው፤ ለየብቻ ሳህን የለም። ስለዚህ ሁሉም ዙሪያውን ይቀመጣል፤ ሳር ላይ ወንበር ስለሌለ የአባትና የልጅ ቁመት እኩል ይሆናል። አገልግል የተሠራው ለመንገድ ነው፤ ክዳኑም፣ ቆዳውም፣ ማንጠልጠያ ጠፍሩም ሰው በበቅሎና በእግር ወንዝ ሲሻገር ወጡ እንዳይደፋ የታሰቡ ናቸው። የሚጓዝ ገበታ ነው።

ተራራው ዘንድ ነገሩ ይከብዳል። ከጎንደር በደባርቅ አድርጎ ስሜን የገባ ቤተሰብ ጨነቅ ሲደርስ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳልና ከጎንደር በአሥር ዲግሪ ገደማ ይበርዳል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚሉት ቃላት ለከተማ ልጅ የጂኦግራፊ ፈተና ናቸው፤ እዚህ ግን በጆሮው ጫፍና በጣቱ ይገቡታል። ረጅሙ የጅብራ ተክል በጉም መካከል እንደ ዘብ ቆሟል። ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ግልገሎቻቸው በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ ናቸው። ሲመሽ ለማደር ወደ ገደሉ ይወርዳሉ፤ ልጆችም ይህን እስኪያዩ ድረስ አንሄድም ይላሉ።

ይሁን እንጂ ስሜን ለጎብኚ ብቻ የተዘረጋ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ለአንድ ቀን የሚያርፍበት ሜዳ የሌላው ቤተሰብ የገብስ ማሳና የበግ ማሰማሪያ ነው። ከከተማ የመጣው ልጅ በሚያይበት ተራራ ላይ የእርሱ እኩያ በጎች ይጠብቃል። ስሜን በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ኋላ ግን በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረውን የግጭ መንደር ማንሳት ነበር፤ ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ፓርኩ በ2017 እ.ኤ.አ. ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ዋልያው መሰማሪያ አገኘ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የግጭ ሜዳ ጸጥታ ላይ ቆሞ «እንዴት ደስ ይላል» የሚል ጎብኚ ያ ጸጥታ የማን ጭስ ጠፍቶ እንደተገኘ ማወቅ ይገባዋል። ልጅም ይህን ለመስማት አያንስም። ተራራን ከነሰዎቹ ያላወቀ ሰው ያየው ግማሹን ነው።

ወንዝ ይገድላልም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው በከንቱ አይደለም። በደጋው አገር ዝናቡ የሚጥልበትና ሰው የሚሞትበት ቦታ የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ራስጌ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ጥርት ያለው ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ መምጣት ከጀመረ፣ ከላይ ጉርምርምታ ከተሰማ፣ ዕቃ መሰብሰብ አያስፈልግም፤ ልጅን ይዞ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። የገጠር ልጅ ይህን የሚያውቀው ስለተነገረው ብቻ አይደለም፤ ከብት ሲያሻግር አይቶታል። በዱላ ጥልቀቱን ይለካል፣ ያልተሻገረውን መልካ አገሬውን ይጠይቃል፣ ሙላት ሲሆን ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚሻገር ሰው መጠበቅንም ይማራል። ከተማ ያደገ ወላጅ በዚህ ጉዳይ የመንደሩን እረኛ ቢጠይቅ ክብሩ አይቀንስም፤ በልጁ ፊት እረኛውን አክብሮ መጠየቁ ራሱ ከቀኑ ትምህርቶች ትልቁ ሊሆን ይችላል።

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ዛሬ በሌላ መልክ እውነት ሆኗል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተቀጣጠለው ውጊያ ምክንያት ብዙ ቤተሰብ እነዚህን መንገዶች በሰላም ሊሄድባቸው አልቻለም። አባይ ዳር ተወልዶ ጢስ አባይን ያላየ፣ ጎንደር ተወልዶ ስሜንን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ልጅ አለ። ማዶ ያለች አያቱን ለመጠየቅ የሚፈራው የውሃ ሙላትን ሳይሆን የተኩስ ድምፅን የሆነ ልጅም አለ። ለውሃው ሙላት የቀደሙት ድልድይ ሠሩ፤ ለዚህኛው ሙላት ድልድይ መሥራት ዛሬ በሕይወት ባሉ አዋቂዎች ላይ የወደቀ ዕዳ ነው። መንገዱ ክፍት በሆነበት አገር ያለ ወላጅ ደግሞ፣ በሌላ ከተማም ይሁን በሰው አገር፣ በቅርቡ ያለውን ወንዝ አይናቅ። ልጆቹን ይውሰድ፤ የሚሸከሙት ነገር ይስጣቸው፤ እጃቸውን ይዞ ያሻግራቸው። ከባሕር ዳር እስከ ጢስ አባይ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ልጆቹ እያደጉ ነው።